ክራሩ ስንት ዙር መታ?

እኔ የድሮ ሙዚቃ አፍቃሪ ነኝ። ዛሬ ይህን የምለው ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው። የዛሬ ስድስት ዓመት ገደማ ብታገኙኝ ኖሮ ግን መች በዚህ አበቃ! አስቀምጬ ስለ ክራር ቅኝት፣ ስለ ካሴት ዘመን፣ ስለ ዘንድሮ ልጆች ጆሮ መበላሸት አንድ ሰዓት ሙሉ አስተምራችሁ፣ ስትነሱ ደግሞ ቅር ይለኝ ነበር። ራሴን ከዘንድሮ ልጆች አልቆጥርም እንግዲህ። ዕድሜዬ ሃያ ሁለት ነበር።

ያኔ አምቦ መናኸሪያ ፊት ለፊት ባለች አንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ሙዚቃ ጫኝ ነበርኩ። ሰው ሚሞሪውን ወይም ፍላሹን ይዞ ይመጣል፣ "አዳዲሶቹን ሙይልኝ" ይላል፣ እኔ እሞላለሁ፤ ሥራው ይኸው ነው። እኔ ግን ሥራውን ተልእኮ አድርጌው ነበር። አንድ ባጃጅ ነጂ አዲስ ዘፈን ሲጠይቀኝ መጀመሪያ በሐዘን አየዋለሁ። ከዚያ የጠየቀውን እጭንና በመሃሉ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ ከሃምሳ ዓመት በፊት የተዘፈነ አንድ ዘፈን ሸጎጥ አደርግለታለሁ። ምርቃት መሆኑ ነው። አንዱ በማግስቱ ተመልሶ መጣና፣ "እህቴ፣ ስልኬ ውስጥ አንድ ሽማግሌ እያለቀሰ ነው፤ ማሎ፣ እባክሽ፣ አውጪልኝ" አለኝ። እኔ ያዘንኩት ለእሱ ነበር።

ጓደኞቼ "ባልቴቷ" ይሉኛል። ስድብ መሆኑ መች ገብቶኝ! እንደ ማዕረግ ተቀብዬ የቴሌግራም ቻናሌን "የባልቴቷ ቤት" አልኩት። አርባ ሦስት ተከታዮች ነበሩኝ። አሥራ አንዱ ዘመዶቼ ናቸው፤ ታላቅ እህቴ ጫልቱ ደግሞ በሁለት ስልክ ነው የገባችልኝ። ከቅዳሜ ገበያም አንድ ባለ ሁለት ካሴት ቴፕ ገዝቼ ነበር። ሻጩን "ይሠራል?" ብለው፣ "ሲፈልግ" አለኝ። በላዩ ላይ የነበሩት ጽሑፎች በሙሉ በጣት ብዛት ተፍቀው አልቀዋል። ይቺን ነገር ልብ በሉልኝ፣ ኋላ ትመጣለች።

በቤታችን የድሮ ሙዚቃ ጠላት አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ አባቴ። ኦቦ ቶሎሳ ይባላል፤ ከእርሻ ቢሮ ንብረት ክፍል በጡረታ የወጣ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ዝምተኛ ሰው ነው። እኔ አንድ ክራር ያለበት ዘፈን ስከፍት ጋዜጣውን ያጥፍና፣ "ሌንሴ፣ እስቲ ዝጊልን ይሄን ነገር" ይላል። አንድ ቀን ታዲያ ደሜ ፈላና፣ "አባዬ፣ አንተኮ ሙዚቃ አይገባህም" አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ። "እሱስ ልክ ነሽ" አለና ወደ ጋዜጣው ተመለሰ። ያን ዕለት አሸነፍኩ ብዬ እንዴት እንደ ተደሰትኩ ብነግራችሁ ታፍሩብኛላችሁ።

እንግዲህ በዚህ መሃል ለጫልቱ ሽማግሌ መጣ። ልጁ ዳዊት ይባላል፣ እንጭኒ በምትባል ጎረቤት ከተማ አስተማሪ ነው። አራት ዓመት ተዋደው ቆይተዋል፤ ከአባዬ በቀር የማያውቅ የለም። ሦስቱን ሽማግሌዎች የመሩት ኦቦ ገመቹ ናቸው፤ የከተማውን ግማሽ ፊደል ያስቆጠሩ ጡረተኛ አስተማሪ። እኔና ጫልቱ ከመጋረጃው ጀርባ ትንፋሻችንን ውጠን ቆመናል። ሰላምታው በኦሮምኛም በአማርኛም ሁለት ሁለት ጊዜ ተደረሰ። የልጁ ጠባይ ተነገረ፣ ሥራው ተነገረ። አባዬ ራሱን ይነቀንቃል። ነገሩ ያለቀ መስሎን ጫልቱ እጄን ጨመቀችው።

"የማን ልጅ ነው አላችሁኝ?" አለ አባዬ።

"የኦቦ ነጋሽ። የእንጭኒው" አሉ ኦቦ ገመቹ፣ ሳል ሳል እያሉ።

አባዬ ብርጭቆውን አስቀመጠ። "ክራር የሚመታው ነጋሽ?"

"እሱው።"

"ካሴቱን ያምጣ።"

"ማሎ ኦቦ ቶሎሳ፣ ይሄ እኮ የሠላሳ ምናምን ዓመት ነገር ነው…"

"ካሴቱን ያምጣ። እሱም ራሱ ይምጣ። ካሴቱ እዚህ ቤት ተሰምቶ ጥፋተኛው ሳይለይ፣ ልጅ የለም።"

ጫልቱ እጄን ለቀቀችው። እኔ አሁንም ስለ ምን እንደሚያወሩ አልገባኝም። ሽማግሌዎቹ ሲወጡ እማዬን ያዝኳት፤ እሷም ሳትወድ ነገረችን።

ለካ በደርግ ጊዜ፣ አምቦ ሀገረ ሕይወት በምትባልበት ዘመን፣ ከተማው የኪነት ቡድን ነበረው። የቡድኑ ዘፋኝ አባቴ ነበር። አዎ፣ ሙዚቃ አይገባህም ያልኩት አባቴ! ክራር መቺው ደግሞ ነጋሽ። ሁለቱ አንድ ቤት ተከራይተው፣ አንድ ኮት ተዋውሰው የሚለብሱ ጓደኛሞች ነበሩ። ትልቅ ውድድር መጣ፤ ያሸነፈ አዲስ አበባ ይሄዳል። የራሳቸውን ዘፈን ይዘው ወጡ። ከመጀመሪያው ስንኝ በኋላ ክራሩ ብቻውን አራት ዙር መትቶ ዘፋኙ እንዲገባ ነበር ስምምነታቸው። አባዬ ሲገባ ግን ክራሩ ገና እየመታ ነበር፤ ዘፈኑና ክራሩ ተጋጩ፣ ሕዝቡ ሳቀ፣ ተሸነፉ። አባዬ "አንተ አምስት መታህ" አለ። ነጋሽ "አንተ በሦስት ገባህ" አለ። በቃ። አንደኛው አምቦ ቀረ፣ አንደኛው እንጭኒ ገባ፤ ከዚያ ወዲህ ሰላም ተባብለው አያውቁም። የዕለቱ ዝግጅት የተቀዳበት አንድ ካሴት ብቻ ነበር፤ እሱም ነጋሽ እጅ ቀረ።

"ታዲያ ለምን እስከዛሬ አላሰማም?" አልኳት።

"አባትሽ፣ ነጋሽ ራሱ ጥፋተኛ ስለሆነ ነው ይላል። ነጋሽ ደግሞ፣ ቶሎሳን እንዳላዋርደው ብዬ ነው ይላል አሉ።"

"አንቺስ አባዬ ሲዘፍን ሰምተሻል?"

እማዬ ሳቀች። "በምኑ ያገባኝ መሰለሽ? በእርሻ ቢሮ ደሞዙ?"

እኔ እንግዲህ ለድሮ ሙዚቃ ስል ገበያ ለገበያ ስንከራተት፣ ካሴት ያለበትን ቤት ሁሉ በር ሳንኳኳ፣ የድሮ ሙዚቃው ራሱ ሳሎን ቁጭ ብሎ ጋዜጣ ያነብ ነበር ማለት ነው። የባለሙያነቴን ነገር ከዚህ ገምቱት።

ቀጠሮው እሁድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሆነ። ቅዳሜ ጠዋት ዳዊት ካሴቱን በመሐረብ ጠቅልሎ በሚኒባስ አመጣው። ከሽማግሌዎቹ ቤት ቴፕ ያለው የለም፤ ያለው እኔ ጋ ነው። "አባቴ ለባለሙያ ስጥ ብሎኛል" አለና በሁለት እጁ ሰጠኝ። ባለሙያዋ እኔ ነኝ። ወደ ፍላሽ ገልብጬ፣ እሁድ በትልቅ ስፒከር ጥርት አድርጌ ላሰማ ተስማማን። ጫልቱ አጠገቤ ቆማ የካሴቱን ልባስ በጣቷ ነካ አደረገችው። "ሌንሴ፣ የኔ ነገር እዚህች ውስጥ ነው ያለው" አለችኝ። "አታስቢ፣ እኔን አታውቂኝም?" አልኳት። ታውቀኛለች እኮ፤ ለዚህም ነው ያላመነችኝ።

እማዬና አባዬ ገበያ ወጡ፣ ጫልቱ ሥራዋ ሄደች። የካሴቱን መሐረብ ፈታሁት። መጨረሻው ላይ ቆሞ ነበር፤ ያለቀበት ቦታ ላይ፣ ማንም ወደ ኋላ ሳይመልሰው። ቢክ እስክሪብቶ አስገብቼ፣ ጣቴ እስኪዝል አሽከርክሬ ወደ መጀመሪያው መለስኩትና ከፈትኩ። መጀመሪያ ሹክሹክታ፣ ከዚያ ጭብጨባ፣ ከዚያ አንድ ጎርናና ድምፅ "የሀገረ ሕይወት ከተማ የኪነት ቡድን!" አለ። ክራሩ ገባ። ከዚያ አንድ ጎልማሳ ዘፈነ።

"ሁሉቃ ተሻግሮ ቤትሽን ሲያዩት፣
ቅርብ ነው ይላሉ መንገዱን ሳይሄዱት።"

ሁሉቃ በከተማችን መሃል የሚያልፈው ወንዝ ነው፤ በየቀኑ ድልድዩን እሻገረዋለሁ። ድምፁን ግን አላወቅሁትም። እንዲህ ያለ ድምፅ በዚያ ሁሉ ስብስቤ ውስጥ አልነበረኝም። ስንኙን ሲጨርስ ዘፋኙ ቀስ ብሎ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ያንን ጉሮሮ አወቅሁት። ጠዋት ጠዋት ከእንቅልፌ የሚቀሰቅሰኝ ጉሮሮ ነው። እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

አሁን፣ ጤነኛ ሰው ቢሆን ምን ያደርጋል? ዝም ብሎ እስከ መጨረሻው ይሰማል። እኔ ግን ክራሩ ብቻውን አንድ ዙር እንደ መታ አጠፋሁት። ለምን? አርባ ሦስት ተከታዮች አሉኛ! ቀሪውን ከእነሱ ጋር በክብር እሰማለሁ አልኩ። ደግሞም ባለሙያ ነኝና፣ ለጥንቃቄ ብዬ መጀመሪያ በሌላ ባዶ ካሴት ቅጂ ላስቀር ወሰንኩ። ለጥንቃቄ! ዋናውን አውጥቼ፣ ሁለቱንም ካሴቶች አፀዳድቼ፣ በሁለቱ አፍ ውስጥ አስገባሁ። የትኛው አፍ የሚያጫውት፣ የትኛው የሚቀዳ እንደሆነ የሚናገረው ጽሑፍ ተፍቋል ብያችሁ የለ? አውቀዋለሁ ብዬ ቀዩን የመቅጃ ቁልፍ ተጫንኩ። ከዚያ ስልኬን ወደ አፌ አስጠግቼ ለቻናሌ ንግግር ማድረግ ጀመርኩ። ንግግሬ አንድ ደቂቃ ተኩል ያህል ወሰደ። ስጨርስ ክራሩ ለምን እንደማይሰማ ገረመኝና ጎንበስ ብዬ አየሁ። ባዶው ካሴት በጸጥታ እየተጫወተ ነው። የአባቴ ካሴት ደግሞ በቴፑ ማይክ የእኔን ድምፅ እየቀዳ ነው።

ቶሎ አጠፋሁት። ወደ ኋላ መልሼ አዳመጥኩ። ስንኙ አለ፣ አንዱ የክራር ዙር አለ፣ ከዚያ የእኔ ድምፅ። የእኔ ድምፅ ሲያልቅ የሕዝቡ ሳቅ። ሠላሳ ምናምን ዓመት ሁለት ሰዎች የተጣሉባትን ቦታ፣ አንዲት ስንዝር ሳላተርፍ፣ እሷኑ ለይቼ አጥፍቻለሁ። ሆን ብዬ ብሞክር አይሳካልኝም ነበር።

ካሴቱን ይዤ በባጃጅ በረርኩ፤ ድሮ ሙዚቃ ቤት የነበራቸው፣ አሁን ጫማ የሚሸጡ ጋሽ ተፈራ የሚባሉ ሰው ጋ። "የጠፋውን መመለስ ይቻላል?" አልኳቸው እያለከለክሁ። ካሴቱን አገላብጠው አዩት። "ልጄ፣ ይቺን ከጎን ያለችውን ፕላስቲክ ሰብረዋት ቢሆን ኖሮ ቴፑ አይቀዳበትም ነበር። የሚወደድ ካሴት ሁሉ ይቺ ትሰበርበታለች። ይሄን አታውቂም? የድሮ ሙዚቃ የምትወጂዋ ልጅ አንቺ አይደለሽ እንዴ?" አሉኝ። አቀርቅሬ ካሴቱን ተቀበልኳቸው።

ማታ ጫልቱ ክፍሌ መጣች። "ሰማሽው? ማን ነው ጥፋተኛው?"

"ገና… እስከ መጨረሻው አልሰማሁትም።"

"አባዬ ከሆነ እንዴት ይሆናል? ኦቦ ነጋሽ ከሆኑስ፣ የዳዊት አባት በሰው ፊት ተዋርደው ልጃቸውን ይድሩልኛል?" አለችና ዓይኗ እንባ ሞላ። ልነግራት ብዬ፣ መሐረቡን አቀበልኳት። ያን ሌሊት አልተኛሁም፤ ከዚህ በላይ ስለ እሱ የምነግራችሁ የለም።

እሁድ ጠዋት ለአባዬ ልናገር ቆርጬ ተነሣሁ። መስታወት ፊት ቆሞ ጢሙን እየተላጨ ነበር። ለበዓል ብቻ የሚለብሰው ሙሉ ልብስ ወንበር ላይ ተሰቅሏል። አንዱን ጉንጩን ሦስት ጊዜ ላጨው። አባዬ ሲፈራ አይቼ አላውቅም።

"አባዬ…"

"ሌንሴ" አለ፣ ፊቱን ሳያዞር። "የሰማሽውን ያህል… ድምፄ እንዴት ነበር?"

ስለ ማንም ዘፋኝ ሁለት ገጽ የምጽፈው እኔ፣ "ደህና ነው" ብቻ አልኩ። እሱ "ደህና ነው?" አለና፣ ለራሱ ፈገግ ብሎ መላጨቱን ቀጠለ። ከዚያ በኋላ እንዴት ብዬ ልንገረው?

የቀረኝ ተስፋ መብራት ኃይል ነበር። በሳምንት ሦስት ቀን ያለ ምክንያት የሚጠፋው መብራት፣ እንግዲህ ዛሬ አንዴ በምክንያት ቢጠፋልኝ ምን ነበረበት? ወይ ፍንክች! ቦግ ብሎ ዋለ። ፍላሹ ተበላሽቷል ብዬ ዋሸሁ፤ ምናልባት ይተዉት ይሆናል ብዬ። አባዬ ግን፣ "ግድ የለም፣ በቴፑ በራሱ እንሰማዋለን። መብራት ቢጠፋም ብዬ ደንጋይ ገዝቻለሁ" አለና ስድስት ትልልቅ የባትሪ ደንጋይ ጠረጴዛው ላይ ደረደረ።

ሽማግሌዎቹ መጡ። ከኋላቸው አንድ ረጅም፣ ጎንበስ ያለ ሰው ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ገባ። የልጅ አባት ከሽማግሌ ጋር መምጣቱ ደንብ አይደለም፤ የዚህ ቤት ደንብ ግን ሌላ ሆኗል። አባዬ ተነሣ። ሁለቱ ሰዎች ተያዩ።

"አካም ቡልቴ፣ ቶሎሳ" አሉ ኦቦ ነጋሽ፤ እንዴት አደርክ ማለታቸው ነው።

"ተቀመጥ" አለ አባዬ። በሠላሳ ምናምን ዓመት ለነጋሽ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል "ተቀመጥ" ሆነ። ኦቦ ነጋሽ ተቀመጡ።

ኦቦ ገመቹ ጸሎት አደረሱ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ "በይ ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ ክፈቺው" አሉኝ። ጫልቱ በሩ ላይ ቆማለች። እጄ ቁልፉን አጥቶት ስደናበር፣ "ትንሽ ያረጀ ስለሆነ ምናልባት…" አልኩ። ማንም አልሰማኝም። ተጫንኩት።

ጭብጨባው መጣ። ጎርናናው ድምፅ መጣ። አባዬ የራሱን ድምፅ ሲሰማ ዓይኑን ጨፈነ፤ ኦቦ ነጋሽ ደግሞ ጉልበታቸው ላይ ጣቶቻቸው መንቀሳቀስ ጀመሩ። ስንኙ አለቀ። ክራሩ ብቻውን ቀረ። ሁለቱም አባቶች፣ ሳይመካከሩ፣ እጃቸውን አንሥተው አንድ ጣት ዘረጉ፤ አንድ ዙር።

ከዚያ ቀጭ አለና የእኔ ድምፅ፣ ከሁሉም ጎልቶ፣ እንዲህ አለ፤

"ውድ የባልቴቷ ቤት ቤተሰቦች! ዛሬ በእጄ የያዝኩት የአንድ ዘመን ድምፅ ነው። የዘንድሮ ልጅ ግን የዚህን ዋጋ አያውቅም። አሮጌ ካሴት እንደ እንቁላል ነው የሚያዘው፤ በማያውቅ እጅ ከገባ አለቀለት። ይህ ካሴት እድለኛ ነው፤ የሚያውቀው ሰው እጅ ገብቷል…"

አንድ ደቂቃ ተኩል። ላጥፋው ብል እጄ አልታዘዝ አለኝ። ስለ ጥንቃቄ፣ ስለ ትውልድ ኃላፊነት፣ ስለ አላዋቂዎች ሁሉ ተናግሬ ስጨርስ፣ ከሠላሳ ምናምን ዓመት በፊት አዳራሽ ሞልቶ የነበረው ሕዝብ በአንድ ድምፅ ሳቀብኝ።

የሁለቱ ሰዎች አንድ አንድ ጣት አሁንም አልታጠፈም።

"ያኔ ቻናል ነበር እንዴ?" አሉ ኦቦ ነጋሽ በመጨረሻ።

መሬት ላይ ወደቅሁ። "እኔ ነኝ! ሳላውቅ አጠፋሁት! አባዬ፣ ይቅር በለኝ! ኦቦ ነጋሽ፣ በእግዚአብሔር!" እያልኩ ስነፋረቅ፣ ጫልቱ በሩን ለቃ ስትሮጥ ሰማሁ። አባዬ ፊቱ አመድ መስሏል። "እንግዲህ ካሴቱ የለም" አለ ቀስ ብሎ። "ካሴቱ ከሌለ ደግሞ…"

"ካሴቱ ባይኖር እኔ አለሁ!" አሉ ኦቦ ነጋሽ ድንገት። "አራት ነው የመታሁት።"

"አምስት ነው።"

"አራት!"

"አምስት! ካላመንክ እስቲ አሁን ምታውና እንይ!"

"በምን ልምታው? ክራር አለህ?"

"አፍ የለህም?"

ኦቦ ነጋሽ ባርኔጣቸውን መሬት ላይ አደረጉና ወደ ጠረጴዛው ተጠጉ። በጣቶቻቸው እየደበደቡ፣ የክራሩን ዜማ በአፋቸው ያንጎራጉሩ ጀመር። አባዬ የሸሚዙን የላይኛ ቁልፍ ፈታ። ያ ቁልፍ ሲፈታ ያየሁት ያን ዕለት ነው። ጉሮሮውን ጠረገና ዘፈነ። ድምፁ እንደ ካሴቱ አልነበረም፤ ሰፍቷል፣ ትንሽም ተሰነጣጥቋል። እኔ ግን፣ ያን ሁሉ ካሴት የሰበሰብኩት ሰው፣ ሰው ፊት ለፊቴ ቁጭ ብሎ ሲዘፍን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ስንኙ አለቀ። ጣቶቹ ብቻቸውን ቀሩ። ሁላችንም እየቆጠርን ነው። አንድ። ሁለት። ሦስት።

አባዬ ገባ።

ጣቶቹ አራተኛውን ጀምረው ነበር። ተጋጩ። ኦቦ ነጋሽ እጃቸው አየር ላይ ቆመ። ሽማግሌዎቹ አቀረቀሩ። አባዬ ሦስት ጣቱን ቆጥሮ አጠፈ።

"ሦስት ነው አይደል?" አለ። "በሦስት ገባሁ። እንግዲህ እኔ ነኝ። ይህን ሁሉ ዘመን እኔ ነኝ። ነጋሽ፣ ይቅር በለኝ።"

ኦቦ ነጋሽ አሸነፉ፤ ይህን ቀን ሠላሳ ምናምን ዓመት ጠብቀዋል። ደስ ያላቸው ግን አልመሰለኝም። ባርኔጣቸውን አንሥተው በእጃቸው አዞሩት፣ አዞሩት።

"አይደለህም" አሉ። "እኔ ካሴቱን ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። አምስት ነው የመታሁት። አፍሬ ነው ያላመጣሁት።"

"እንዴት ትሆናለህ? አሁን በጆሮህ ሰማኸኝ አይደል?"

"ያሁኑን ተወው! ካሴቱ ላይ እኔ ነኝ እያልኩህ!"

"እኔ ነኝ አልኩህ እኮ!"

ኦቦ ገመቹ እጃቸውን አነሡ። "ኧረ በሕግ አምላክ! አንተ ነህ፣ አንተ ነህ ስትባባሉ ዕድሜያችሁን ጨርሳችሁ፣ አሁን ደግሞ እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ ብላችሁ ልትጣሉ ነው?" አሉ። አባዬ ቀድሞ ሳቀ። ከዚያ ኦቦ ነጋሽ ሳቁ። ሲሳሳቁ ተያያዙ፣ ሲተቃቀፉ ግን ሁለቱም እያለቀሱ ነበር። ጫልቱን ጓሮ ሄጄ ጎትቼ አመጣኋት። አባዬ ፊቷን በሁለት እጁ ይዞ፣ "ሰጥቻለሁ" አለ።

ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ሆነ። እኔን ሙዚቃ አጠገብ ማንም አላስደረሰኝም፤ ድንኳኑ በር ላይ "ቀዩን ቁልፍ እንዳትነካ" የሚል ወረቀት የለጠፈ ዘመድ ነበረኝ። ካሴቱንም አባዬ ወሰደው። እንግዳ በመጣ ቁጥር የእኔን ንግግር ያሰማበታል፤ "እንደ እንቁላል" የምትለዋ ጋ ሲደርስ ከድምፄ ጋር አብሮ ይላታል።

የሠርጉ ዕለት ኦቦ ነጋሽ አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ። "ሌንሴ፣ ካሴቱ እጅሽ ሲገባ የት ጋ ቆሞ ነበር?" አሉኝ።

"መጨረሻው ላይ።"

"ከዚያ ዕለት ጀምሮ እዚያው ነው የቆመው። አንድ ቀን ሰምቼው አላውቅም። እኔ ብሆንስ ብዬ ፈራሁ።"

"ታዲያ ለአባዬ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ ያሉት…"

"ምን ልበለው? ብቻውን ጥፋተኛ ሆኖ ይቅር?" አሉና፣ "ለአባትሽ እንዳትነግሪ" ብለው ወደ ጭፈራው ተነሡ። አልነገርኩትም። እናንተም አትንገሩብኝ።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ከዚህ ምን ተማርሽ ካላችሁኝ፣ ቻናሉን ዘጋሁ። አርባ ሦስቱም ሰዎች በሕይወት አሉ። ድሮ ካሴት ስሰበስብ የምወደው የድሮውን ሰው አልነበረም፤ የራሴን ልዩነት ነበር። ድሮ ማለት የሞተና የማይመልስልኝ ነገር ይመስለኝ ነበር፤ ስለዚህም እንዳሻኝ አስተምርበት ነበር። አሁን ከሥራ መልስ አባዬ አጠገብ እቀመጣለሁ። ይዘፍናል፣ እኔ ግጥሙን በደብተር እጽፋለሁ፤ ስሳሳት ይቆጣኛል። ሱቅም ሄጄ ባጃጅ ነጂው የጠየቀኝን ብቻ እጭናለሁ። እናንተም ቤት ጋዜጣ የሚያነብ ዝምተኛ ሰው ካለ፣ ሙዚቃ አይገባህም ከማለታችሁ በፊት እስቲ አንድ ጊዜ ጠይቁት። እኔ ሳልጠይቅ ሃያ ሁለት ዓመት ኖርኩ።

አንድ ነገር ግን ቀርቷል፤ ለኦቦ ነጋሽም አልነገርኳቸውም። ከዚያ እሁድ ወዲህ አባዬ ጢሙን ሲላጭ ያንን ዘፈን ይዘፍናል። ስንኙን ይጨርስና የክራሩን ዙር ለራሱ በአፉ ያንጎራጉራል። እኔ በሩ ጀርባ ቆሜ በጣቴ እቆጥራለሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ከዚያ ይገባል። ስድስት ዓመት ቆጥሬበታለሁ፤ በሦስት ገብቶ የሰማሁት ያን እሁድ ብቻ ነው።